ዘፈኑ የነካው ሐሺሹን ሳይሆን ብርሌውን ነው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ፒያሳ አንድ አዝማሪ ቤት ስለተዘፈነው ዘፈን ያወጣችሁትን አስተያየት አነበብኩ። ጸሐፊው «ወጣቱን ለሐሺሽ ይገፋፋል» ብለውታል። እኔ የዚያን ዕለት እዚያው ነበርኩ። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ለአዝማሪው የሰጠው ግጥም ይኸው ነው፤

ዐሥር ብርሌ ጠጥቶ የወደቀው ተደገፈ፣
አንዲት ጥቅል ያጨሰው ልጅ በካቴና ታስሮ አለፈ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

አባቴ አረቄ ይጠጣ ነበር። ማታ ገብቶ እናቴን ይመታል፤ ጧት ጎረቤት መጥቶ «ትንሽ ሞቅ ብሎት ነው እንጂ አመሉስ እንዲህ አይደለም፤ ቻይው» ይላታል። የአንድ ጎረቤታችን ልጅ ሐሺሽ ይዞ የተገኘ ጊዜ ግን፣ እነዚያው ሰዎች እናቱን ለቅሶ ቤት እንኳ አጠገባቸው አላስቀመጧትም። አባቴ በጉበት በሽታ ሲሞት «ቀኑ ደርሶ ነው» ተባለ። የአረቄን ስም ያነሣ አልነበረም።

ሐሺሽ ይፈቀድ አላልኩም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 የተከለከለ ነው፤ በለጋ ዕድሜ ለሚያጨስ ልጅ ለአእምሮ ሕመም እንደሚያጋልጥም ሐኪሞች ይናገራሉ። ክልከላው ይቆይ። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰው በመጠጥ ሳቢያ ሞቷል። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላው መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የቢራ ማስታወቂያንም ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቷል። ማስታወቂያውስ ቀረ፤ ዕድሜ የሚጠይቅ አረቄ ቤት ግን በሰፈሬ አላየሁም።

ጠላና አረቄ ሸጣ ልጅ ያሳደገች እናት በጎንደር ብዙ ናት፤ የእኔም እናት አንዷ ነበረች። እንጀራዋ ከዚያው ጋን፣ ዱላዋም ከዚያው ጋን። ይህን በልቤ ይዤ ነው የምጽፈው። አዝማሪ ድሮም ፊት ለፊት የማይነገረውን በግጥም ሲናገር የኖረ ነው፤ በዚያ ምሽትም የተናገረው ስለ እኛ ቤት ነው።

ጸሐፊያችሁን አንድ ነገር እለምናለሁ። ተማሪ ከትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት ወደ ሰፈራችን አረቄ ቤቶች ይምጡ፤ አግዳሚው ላይ ከመለኪያው ጎን የተቀመጠውን ደብተር ይዩ። መንገዱን እኔ አሳያቸዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከጎንደር