እማዬ፣ ቤቱን ለምን ደበቅሽኝ?

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? በስልክ «ደህና ነኝ» ስትዪኝ ስለማላምንሽ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። ለሰው አታስነብቢ።

ናታን ሰባት ዓመት ሞላው። ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። ሳሮን ዋና ጀምራለች። እዚህ እንግሊዝ፣ ማርጌት ከተማ፣ ባሕሩ በሐምሌም ይበርዳል፤ እሷ ግን ከውሃው አትወጣም።

ቅዳሜና እሁድ ዟሪው ሉና ፓርክ ውስጥ ትኬት እንደምቆርጥ ነግሬሻለሁ። ዕቃውን በጭነት መኪና ጭነው ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። የሚጋጩ መኪኖች፣ የሚዞሩ ፈረሶች፣ የስኳር ጥጥ። ሰኞ ስታዪው ሜዳው ባዶ ነው፤ ሣሩ ብቻ ተኝቷል። የገና ኤግዚቢሽን ትዝ ይልሻል? ፈረሱ ላይ አስቀምጠሽኝ፣ እንዳልወድቅብሽ ዙሩ እስኪያልቅ ከጎኔ ትሮጪ ነበር። ነጠላሽ መሬት ይጎተት ነበር። ልጆች ፈረሱ ላይ ሲወጡ ሁልጊዜ አንቺን አያለሁ።

ከተማው ውስጥ ቋሚ ሉና ፓርክም አለ፤ ድሪምላንድ ይባላል። በፈረንጆቹ 1920 የተሠራ፣ በእንጨት ሐዲድ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጥ የጨዋታ ባቡር አለው። ፍሬን የሚይዘው ሰው ከተሳፋሪዎቹ ጋር ባቡሩ ላይ ይቀመጣል። ፓርኩ ተዘግቶ ነበር፤ በ2008 ባቡሩ እሳት ተነሥቶበት ከፊሉ ተቃጠለ። ግን ቅርስ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፤ ሰዉም ጮኸለት። በ2015 ፓርኩ ተከፈተ። ደስ ይለኛል። ዟሪዎቹን ግን ማን ቅርስ ይላቸዋል? ተነቃይ ናቸዋ።

ፈጣኑ ባቡር ከለንደን ሲገባ፣ በ2011 ደግሞ ትልቁ የሥዕል ማሳያ ባሕሩ ዳር ሲከፈት፣ የለንደን ሰው ቤት ሊገዛ መጣ። ካፌው አማረ፣ ኪራዩ ናረ። የእኔ አሠሪዎች በብርዱ ወራት ዕቃቸውን የሚጠግኑበትና ቀለም የሚቀቡበት ግቢ ነበራቸው። ተሸጠ፤ አፓርታማ ሊሠራበት ነው። አሠሪዬ ሴትየዋ «ነቅለን መሄድ ሥራችን ነው፤ የምንመለስበት ማጣት ግን አዲስ ነው» አለችኝ። እንባዬ መጣ። ለእሷ ብቻ አልነበረም።

እማዬ፣ ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ አልነገርሽኝም። የግቢያችንን በር በቲክቶክ ነው ያየሁት፤ ግሬደር ከጀርባው ቆሞ። ስደውልልሽ «ቡና እያፈላሁ ነው» አልሽኝ። የት ሆነሽ ነው የምታፈዪው ብዬ አልጠየቅኩሽም። ሦስት ወር ሙሉ እንዳላወቀ ሰው አወራሁሽ። እንዳልጨነቅ ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል። ግን እዚያ ቤት ተወልጃለሁ እኮ። በሩን ዘግቼ ልሰናበተው ይገባኝ ነበር። አንቺም ብቻሽን ማልቀስ አልነበረብሽም።

አሁን አራተኛ ፎቅ ነሽ። ሊፍት የለም። በዚያ ጉልበት ውሃ ይዘሽ እንዳትወጪ፤ ለጎረቤት ልጅ ሃምሳ ብር ስጪና ያውጣልሽ። የስኳር መድኃኒትሽን መብራት ሲጠፋ የት ታስቀምጫለሽ? የአክስቴ ልጅ ጥሩ የበረዶ ሣጥን ያምጣልሽ፤ ብሩን እልክለታለሁ።

ብር ካልኩ አይቀር። እኔም ደብቄሻለሁ። አከራያችን ቤቱን ሊሸጠው ነው፤ በመስከረም መጨረሻ እንለቃለን። አዲስ ቤት እዚሁ ማርጌት የምንችለው አላገኘንም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሊቀይሩ ነው፤ ለናታን ገና አልነገርኩትም። ለገና እመጣለሁ ያልኩሽን እርሺው። የወሩም ብር ለጊዜው ይቀንሳል። ይህን ልነግርሽ ስንት ጊዜ ደውዬ ስለ ሳሮን ዋና አውርቼ ዘጋሁት መሰለሽ።

ፈረሱ ላይ ሆኜ የተነሣሁት ፎቶ፣ ቀይ ሹራብ የለበስኩበት፣ አለ? ወይስ ከቤቱ ጋር ሄደ? ከሄደም ሄደ በዪኝ።

ልጅሽ