የሥዕልና የፊልም ክበብ፦ አንድ ጋቢና አንድ የተዋስነው ማይክሮፎን

መስከረም ላይ 14 ነበርን፤ ሰኔ ላይ 11 ቀረን። ሦስቱን እግር ኳስ ወሰደብን፤ አልተቀየምንም። በየቅዳሜው ከፊደል ክፍል በኋላ ምድር ቤት እየወረድን አንድ ሰዓት እንሠራለን። የአብዛኞቹ ስብሰባዎች ወሬ አጭር ነው፦ ሣልን፣ አጠፋን፣ እንደገና ሣልን።

ጥቅምት ላይ አንድ አባት በር ላይ ያዙኝ። «መምህር፣ ልጄን የላክሁት አማርኛ እንዲማር ነው ወይስ የፈረንጅ ካርቱን እንዲያይ?» አሉኝ። ያኔ ደህና መልስ አልሰጠኋቸውም። አሁን ልመልስ።

ዓመቱን ሙሉ የያዝነው አንድ ፊልም ነው፦ «የቻርሊ ብራውን ገና»። 25 ደቂቃ ገደማ የሆነ የቴሌቪዥን ካርቱን ነው። ልጆቻችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። እዚሁ አካባቢያችን የተወለደ ሥራ መሆኑን ግን አያውቁም ነበር። ደራሲው ቻርልስ ሹልዝ፣ ፕሮዲውሰሩ ሊ ሜንደልሰን፣ ሙዚቃውን የሠራው ቪንስ ጓራልዲ፣ ሦስቱም ሰሜን ካሊፎርኒያ ነበሩ። ዳይሬክተሩ ቢል ሜሌንዴዝ ደግሞ ሜክሲኮ ነው የተወለደው። ይህን ስነግራቸው አንዷ «እሱም እንደ አባዬ መጥቶ ነው?» አለች። አዎ፣ መጥቶ ነው።

ፊልሙን የመረጥኩት ግን ለድምፁ ብዬ ነው። በዚያን ጊዜ የካርቱን ልጆችን ድምፅ አዋቂ መሥራቱ የተለመደ ነበር። እነዚህ ሰዎች እውነተኛ ልጆች አመጡ። የቻርሊ ብራውንን ታናሽ እህት ሳሊን የሆነችው ልጅ ገና ማንበብ አትችልም ነበር። ስለዚህ ቃሉን ቁራጭ ቁራጭ አድርገው ይነግሯታል፣ እሷ ትደግማለች፣ በኋላ ይቀጣጥሉታል። የውሻው የስኑፒ ድምፅ ራሱ ሜሌንዴዝ ነው፤ የራሱን ድምፅ ቀርጾ ቴፑን አፈጠነው። ሁሉንም በስድስት ወር ገደማ ጨረሱት። ሊያስተላልፈው የነበረው የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ኃላፊዎች አይተው ፊታቸውን አጨፈገጉ። ቀርፋፋ ነው፣ ጃዙም ለልጆች አይሆንም አሉ። ቀኑ ቀድሞ ስለተያዘለት እንጂ ባይተላለፍም ደስ ባላቸው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1965 ተላለፈ፤ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ከሚያየው ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ተመለከተው። ኤሚና ፒቦዲ የተባሉ ሽልማቶችንም አገኘ። ፊልሙ የቀለደበት የአሉሚኒየም የገና ዛፍ እንኳ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ ማለት ይቻላል።

«የልጆቻችን አማርኛ ይሰባበራል፤ ምን ብሎ ይቀረጻል?» የሚሉ አሉ። ይሰባበራል። ይቀረጻል።

ኅዳር ላይ በሁለት ወላጆች መኪናና በአንድ ኪራይ ቫን ሳንታ ሮዛ የሚገኘው የሹልዝ ሙዚየም ሄድን። የሪችመንድን ድልድይ ተሻግረን በሳን ራፋኤል ስናልፍ፣ በፊልሙ የሚዘምሩት ልጆች ከዚህች ከተማ ከቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን የመጡ መሆናቸውን ነገርኳቸው። ቫኑ ውስጥ ያሉት ወዲያው መዝፈን ጀመሩ፤ እስከ ሳንታ ሮዛ አላቆሙም። ሙዚየሙ ውስጥ ጃፓናዊው ዮሺተሩ ኦታኒ የሠራው ትልቅ ግድግዳ አለ። ከሩቅ ሲታይ ቻርሊ ብራውን ሉሲ የያዘችለትን ኳስ ሊመታ ይሮጣል። ቀረብ ሲሉ ግን 3,588 ሴራሚኮች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ ሹልዝ የሣለው አንድ የጋዜጣ ካርቱን አለ። ልጆቹ መቁጠር ጀምረው 200 ሳይሞላ ተጣሉ።

አሁን ወደ ጋቢው።

ለገና በዓላችን ላይነስ ወንጌል የሚናገርበትን ክፍል በመድረክ ልናቀርብ ወሰንን። ላይነስ ብርድ ልብሱን ከእጁ የማይለይ ልጅ ነው። ከሉቃስ ምዕራፍ 2 ሲናገር «አትፍሩ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ብርድ ልብሱን ይለቀዋል። ማንም ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አይናገርም። እኛ ብርድ ልብሱን በጋቢ ተካነው።

ልምምድ ስንጀምር ችግር መጣ። በእንግሊዝኛው መልአኩ የሚጀምረው በ«አትፍሩ» ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን የምሥራቹ ይቀድምና «እነግራችኋለሁና አትፍሩ» ብሎ ያበቃል። ጋቢው መቼ ይውደቅ? ግማሾቹ ቃሉን ወደ ፊት እናምጣው አሉ። ግማሾቹ መጽሐፍ ቅዱስ አይነካም አሉ። ጭቅጭቁ 40 ደቂቃ ፈጀ፤ ያውም ባብዛኛው በአማርኛ። የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ ሦስት ዓመት ለፍልፌ ያልገባቸው በዚያች ቅዳሜ ገባቸው። በር ላይ ለያዙኝ አባት፣ መልሴ ይኸው ነው።

ክርክሩን የዘጋው ራሱ ላይነስን የሚሠራው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ፊደልም ገና አልጨረሰም። ንግግሩን አያቱ በስልክ ቁራጭ ቁራጭ እያሉ ነው ያስጠኑት። «ቲቸር፣ ታዲያ እስከ መጨረሻው ይፍራ» አለ።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ልጁ የአያቱን ጋቢ በሁለት እጁ ጨብጦ ወጣ። ደህና ሄደ፣ ሄደና «እነግራችኋለሁና» ላይ ቆመ። ጸጥ። እኔ ከጎን ሆኜ በከንፈሬ ልነግረው እሞክራለሁ፤ አያየኝም። አንድ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ «አትፍሩ» አለ፤ ጋቢውም ከእጁ ወረደ። አያቱ ከፊት ረድፍ እልልታቸውን አቀለጡት።

በኋላ «ረስተኸው ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አልረሳሁም። ገና እየፈራሁ ነበር» አለኝ።

ያልተሳካውን ደግሞ ልናገር። የራሳችንን የአንድ ደቂቃ አኒሜሽን ልንሠራ አቅደን ነበር። በሰከንድ 12 ሥዕል ሲታሰብ 720 ሥዕል ያስፈልጋል። 228 ጨርሰናል፤ 19 ሰከንድ ማለት ነው። ሥዕል የሞላው አንድ ካርቶን ምድር ቤቱ ሲጸዳ አብሮ ተጣለ። ማን እንደጣለው አልጠይቅም፤ የሚቆለፍ ቁም ሳጥን ግን እጠይቃለሁ። ማይክሮፎኑ የውሰት ነው። በቀረጽነው ሁሉ ውስጥ የፍሪጁ ጉርምርምታ ይሰማል፤ ፊልሙን ራሱን ያየነው ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በተዋስነው ዲቪዲ ነው። ዘንድሮ የተገዙት የአዳራሹ ወንበሮች ያምራሉ፤ እኛም ተቀምጠንባቸዋል። የአንዱ ረድፍ ዋጋ ብቻ ማይክሮፎንና ለሥዕል የሚሆን አንድ ታብሌት ይገዛል።

ቤቱ የቆየ ላፕቶፕ፣ ካሜራ ወይም የጠረጴዛ መብራት ያለው ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ምድር ቤቱ ያምጣልን። ብርድ ልብስም ጋቢም አለን። ጋቢውን አያትየው ሁለት ጊዜ አስጠይቀውናል፤ ልጁ ግን ለመጪው ገናም እፈልገዋለሁ ብሎ አስቀርቶታል።