የወሊድ መጠን ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የወሊድ መጠን ስለቀነሰ የኢትዮጵያ ሕዝብ በቅርቡ ማነስ ይጀምራል ማለት ስሕተት ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች ቁጥር በ2000 እ.ኤ.አ. 5.5 ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ 4.6 ወረደ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ 1.8፣ ሶማሌ ክልል ግን 7.2 ነበር! ነገ 2 ገደማ (ልጆች ወላጆቻቸውን ብቻ የሚተኩበት መጠን) ብንደርስ እንኳ፣ ቀድሞ የተወለዱት በርካታ ልጃገረዶች ገና ወደ መውለጃ ዕድሜ ስለሚገቡ ዕድገቱ ለአሥርተ ዓመታት ይቀጥላል።

ሞትንም ከ1,000 ሰው ስንት ሞተ ብሎ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። ጃፓን በዚህ ስሌት ከእኛ የምትበልጠው አረጋውያኗ ስለበዙ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን ፍልሰት ነው፦ ቤተሰቡ በሙሉ ከአገር ከሄደ ለሕዝብ ቆጣሪው መልስ የሚሰጥ ሰው ስለሌለ፣ መሄዱ ሳይመዘገብ ይቀራል። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ እባካችሁ ትንበያ ስታትሙ መነሻ ዓመቱንና የተገመተውን የፍልሰት መጠን አብራችሁ ጻፉ።