ዕቃ ሲለዩ አንቸኩልባቸው

ሰላም ለሁላችሁ፤

ልጆችን ዕቃ በየዓይነቱ ማስለየት በምን እንጀምር ላላችሁኝ፦ ቤት ባለው ነገር ጀምሩ። ካልሲ፣ ማንኪያ፣ የዕቃ ክዳን ይበቃል። መጀመሪያ በአንድ መለያ ብቻ ይሁን፤ ወይ በቀለም፣ ወይ በመጠን።

በቀደም አንዲት ልጅ ክዳን ስትለይ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር። ትልቁን ቀይ ክዳን ከቀዮቹ ጋር አደረገችው። ቆየት ብላ አነሳችና ከትልልቆቹ ጋር አስቀመጠችው። መልሳ አነሳችው። ልናገር ስል ራሴን ያዝኩ። «ይሄኮ የሁለቱም ነው!» አለች። ያቺ ዝምታ ከኔ ማብራሪያ ሁሉ ትበልጣለች።

የ3 ዓመት ልጅ በቀለም ሲለይ ቆይቶ «አሁን ደግሞ በቅርጽ» ስትሉት ብዙ ጊዜ በቀለም ይቀጥላል። ሕጉን ጠይቁት፣ በትክክል ይነግራችኋል። እጁ ግን ወደ ቀለሙ ይሄዳል። እልህ እንዳይመስላችሁ። ከአንዱ ሕግ ወደ ሌላው መዞር ገና አልበሰለለትም። ወደ 5 ዓመት ሲጠጉ አብዛኞቹ ይችሉታል። እባካችሁ አትቆጧቸው።

«ተሳስተሃል» ከማለት «ለምን እዚህ አደረግከው?» በሉ። ማንኪያን ከማንኪያ ሳይሆን ከሳህን ጋር ያደረገ ልጅ «አብረው ነው የሚበላባቸው» ሊላችሁ ይችላል። ይሄም ምክንያት ነው፤ አድንቁለትና ሌላ መንገድ እንዳለ ጠይቁት።

ከ3 ዓመት በታች ላሉት የልብስ ቁልፍ፣ ሳንቲምና ጥራጥሬ አትስጡ፤ ያንቃቸዋል።

በሚቀጥለው ስንገናኝ ልጆቹ የሰጧችሁን ምክንያት በራሳቸው አነጋገር ጽፋችሁ አምጡልኝ።