መዝገቡን አትስጪ

ልጄ፣

ትናንት አክስትሽ ደውላ ነበር። እዚያ ሎስ አንጀለስ ጠዋት ጠዋት ከመምህራኑ ጋር የትምህርት ቤታችሁ በር ላይ ቆመሽ፣ የኢሚግሬሽን ሰዎች እንዳይመጡ መንገዱን እንደምትጠብቂ ነገረችኝ። ለኔ «ደህና ነን አባዬ» ብለሽ ነበር ስልኩን የዘጋሽው። ለእናትሽ አልነገርኳትም።

አልቆጣሽም። የስደተኛ ልጅ ሳይፈራ እንዲገባ የቆመ መምህር ሥራውን ነው የሠራው። ግን አንድ ነገር ያዢልኝ፤ ለእነዚያ ሰዎች የተማሪ መዝገብ አትስጪ። በትህትናም ይጠይቁሽ በቁጣ፣ አትስጪ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ልጆች ጉዳይ 5 ለ 4 ወስኗል፤ የመኖሪያ ወረቀት የለህም ተብሎ ከትምህርት የሚባረር ልጅ የለም። ትምህርት ቤትን ከኢሚግሬሽን አፈሳ ይከልል የነበረው መመሪያ ግን በጃንዋሪ 2025 ተነሳ። በኤፕሪል ደግሞ እዚያው ሎስ አንጀለስ ሁለት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፌዴራል ሰዎች መጡ። የልጆቹን ደህንነት ልናይ ነው አሉ። አላስገቧቸውም፣ ጎሽ!

ለኔም እንደዚያ ነበር ያሉኝ። በ1993 ዓ.ም.፣ በተማሪዎቹ ረብሻ ጊዜ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ተማሪዬን ፈልገው ስታፍ ድረስ መጡ። አንዱ ጨዋ ነበር። «ለራሱ ደህንነት ነው፣ ቤቱን ብቻ ንገረን» አለኝ። የልጁ ሆምሩም እኔ ነበርኩ። ማህደሩን አወጣሁ። ቀበሌውንና የቤት ቁጥሩን በራሴ እጅ ጻፍኩላቸው። በማግስቱ የልጁ ቦታ ባዶ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ተፈታ፤ ክፍል ግን አልተመለሰም። እናቱ ዛሬም ገበያ ላይ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች። አድራሻውን ማን እንደሰጠ አታውቅም። ለእናትሽም ተናግሬ አላውቅም።

ከመምህራን ማኅበራችን መሪዎች አንዱ፣ አሰፋ ማሩ፣ በ1989 ዓ.ም. በጥይት ተገድሎ ነበር። ፕሬዚዳንታችን ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ገና እስር ቤት ነበሩ። የማኅበሩን ስም መጥራት እንኳ ያስፈራን ነበር። «ቆዩ፣ ማኅበሬን ልጠይቅ» ማለት አልቻልኩም። አንቺ ትችያለሽ። ማኅበራችሁ በ2019 እ.ኤ.አ. ስድስት የትምህርት ቀን አድማ መትቶ ለስደተኛ ቤተሰቦች የስልክ መስመርና ጠበቃ አስገኝቷል። ቁጥሩን በወረቀትም ጻፊው፣ ስልክ ባትሪው ያልቃል።

ሰው ከመጣ ወደ ርዕሰ መምህሯ ላኪው። ወረቀት ካሳየ ፊርማውን እዪ። ዳኛ የፈረመውና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ሹም የፈረመው አንድ አይደለም። አትሳደቢ፣ አትታገዪ፣ እጅሽን በማንም ላይ አታንሺ። መዝገቡን ግን አትስጪ፣ ሆዴ።

የፓስፖርትሽን ኮፒ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ። በርበሬውን በሰው ልኬያለሁ፤ ፍሪዘር ውስጥ አድርጊው፣ እንዳምናው እንዳይነቅዝብሽ። ጠዋት ወደ በሩ ስትወጪም የስም መጥሪያሽን ጠረጴዛ ላይ ጥለሽ አትሂጂ። መሳቢያ ውስጥ ቆልፊበትና ቁልፉን ይዘሽ ውጪ።

አባትሽ