ለአርክቴክቸር ተማሪዎች ጭቃ ይሰጣቸው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ሕንፃ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስትዞር ቢሯችን ምድጃ ይሆናል። መስኮቱን በካርቶን ሸፍነን፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተን እንሠራለን። ቬንትሌተሩም አያርፍም። ያሳዝናል።

አርክቴክቸር የሚማሩ ልጆቻችን ስለ ኃይል ቁጠባ በቀመርና በኮምፒውተር ብቻ መማር የለባቸውም። ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ይግባበት። ግቢ ውስጥ አንድ እንጨት ይትከሉና ጥላውን በየሰዓቱ በከሰል ይሣሉት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ የቀትር ፀሐይ ሰኔ ላይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በደቡብ። ይህን በእጁ የሣለ ልጅ መቼም አይረሳውም። ከዚያ በጭቃ ትንሽ ቤት ይሥራ። በእጅ ባትሪ እያበራ፣ ጣሪያው ምን ያህል ወጣ ቢል መስኮቱ ጥላ እንደሚያገኝ ይሞክር።

እዚሁ አዲስ አበባ ያለውን ዞማ ሙዚየምንም ይዩት። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ መሥርተውት በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ሆኖ፣ ላዩ ላይ እንደ ጥልፍ የሚጠማዘዝ ቅርጽ አለው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ማታ ይለቀዋል። እዚያ ጥበቡና ቁጠባው አንድ ላይ ተለስነዋል።

ልደታ ያለው የሕንፃ ኮሌጅም ሆነ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ልጆች ናቸው። መምህራን፣ እባካችሁ አንድ ኮርስ እንኳ አብራችሁ ስጡ።

አክባሪዎ፣
አንድ አንባቢ