«ትጠጣለህ?» ያለው ሰው አልነበረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

«ለጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ጤና ሥልጠና ተሰጠ» የሚል ዜና ስታወጡ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። የሠለጠነው ሰው ሲመለስ የትኛው ክፍል ተመደበ?

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ታናሽ ወንድሜ ሚኒባስ ይነዳል። ካቻምና ክረምት ራሴን አመመኝ፣ ደረቴን አቃጠለኝ ይል ጀመር፤ እንቅልፍም ጠፋ፣ ምግብም ዘጋው። ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ ወሰድኩት። መጀመሪያ ታይፎይድና ታይፈስ ተባለ (አዲስ አበባ ውስጥ ታይፎይድ ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ)። ቀጥሎ ጨጓራ። ሦስተኛውም ጨጓራ። ቤታችን በመድኃኒት ላስቲክ ተሞላ። እንቅልፍህ እንዴት ነው፣ ትጠጣለህ ወይ ያለው ግን የለም። እሱም አልተናገረም። የኛ ሰፈር ወንድ ካርድ አውጥቶ፣ ተሰልፎ፣ ሐኪም ፊት ደርሶ «ከፍቶኛል» አይልም፤ «ራሴን ነው» ይላል። ድባቴ (ዲፕሬሽን) የምትለዋን ቃል ራሷን የምንሰማት በሬዲዮ ነው።

መጠጣቱን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቀን ይቅማል፣ ማታ ምርቃናውን በጨብሲ ይሰብራል፤ ቢራው አልበቃ ሲለው አረቄ። አዎ፣ ሹፌር ነው። አውቃለሁ።

አምና ሁዳዴ ሊገባ ሲል እናታችን አስማለችው። ከቅበላው ማግስት፣ ሰኞ፣ ጠብታ አልቀመሰም። ደስ አለን። ማክሰኞ ማታ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ በላብ ተጠመቀ፣ ከዚያ አረፋ ደፍቆ ወደቀ። ጎረቤቱ «ለክፎት ነው» ብሎ ክብሪት ጫረ። ድንገተኛ ክፍል ያገኘነው ወጣት ሐኪም ግን መጀመሪያ የጠየቀን «ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው መቼ ነው?» ብሎ ነው። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ እንዲህ ሊያንፈራግጠው፣ አልፎም ሊገድለው እንደሚችል ያኔ ሰማን። ማቆሙ በሐኪም ክትትል፣ በማረጋጊያ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 መሆን ነበረበት። እኛ በመሐላ አደረግነው።

በማግስቱ ያው ሐኪም አልጋው ጫፍ ተቀምጦ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የምትወደው ነገር ሁሉ አስጠልቶሃል ወይ አለው። ወንድሜ ሩብ ሰዓት አወራ። አንድ ቤት እየኖርን እኔ ያልሰማሁትን።

እነዚህ ጥያቄዎች ምሥጢር አይደሉም። ለድባቴ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ ለመጠጥ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ዐሥር ጥያቄ አለ። ስፔሻሊስት በሌለበት ነርስና ጤና መኮንን የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ድርጅቱ ፕሮግራም የጀመረው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኢትዮጵያም ቀድመው ከሞከሩት አንዷ ናት። ታዲያ እኛ ጋ ምን ነካው?

ጠየቅኩ። የኛ ጤና ጣቢያም የሠለጠነች ነርስ አለችው። ክትባት ክፍል ናት! ተመላላሽ ክፍል ተቀምጦ ሰልፉን ሁሉ የሚያየው ልጅ ግን ገና ተራው አልደረሰውም አሉኝ። ሥልጠና እንደ ዕቁብ በተራ የሚደርስ ከሆነ፣ አበሉ ለሠራተኛው ደረሰ እንጂ እውቀቱ ለበሽተኛው አልደረሰም። መጀመሪያ በሽተኛ የሚያየውን ሰው አሠልጥኑ። ድባቴውንና መጠጡን ለየብቻ ሳይሆን አንድ ላይ እንዲጠይቅ አድርጉ፣ አንዱ የሌላው ጓደኛ ነውና። ደግሞም አምስት ቀን አዳራሽ አስቀምጦ ሰርተፊኬት መስጠት አይበቃም፣ ከወር በኋላ «የከበደህ በሽተኛ የትኛው ነው?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። የድባቴ መድኃኒት እስኪሠራ ሳምንታት እንደሚፈጅ ለበሽተኛው መንገርም አንድ ሥራ ነው። ወንድሜ ባይነገረው ኖሮ በአምስተኛው ቀን ሊጥለው ነበር።

አሁን ደህና ነው። መድኃኒቱን ለመውሰድ ግን በየወሩ ሦስት ታክሲ ይቀያይራል። ጤና ጣቢያው ከቤታችን በእግር ሰባት ደቂቃ ነው። ነርሷም እዚያው ናት።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ